በጦር መሣሪያ ክፍሎች ላይ ስለሚቀረጽ መለያ ቁጥር ሕጎች ምን ይደነግጋሉ?

በፍተሻ ኬላም ሆነ በወንጀል ምርመራ ወቅት አንድ የጦር መሣሪያ በሕግ አስከባሪ አካላት እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ መሣሪያው ከየት መጣ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ዋነኛው መነሻ በመሣሪያው ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በትክክል ከተነበበ መሣሪያው የት እንደተመረተ፣ ለማን እንደተሸጠና በማን እጅ እያለ ከሕጋዊው መንገድ እንደወጣ ደረጃ በደረጃ መከታተል ይቻላል። ቁጥሩ ከሌለ፣ ከተፋቀ ወይም በስህተት ከተመዘገበ ግን ክትትሉ ገና ከጅምሩ ይቋረጣል።

ይሁን እንጂ የጦር መሣሪያ አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም። ከበርካታ ተነቃቃይ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። የአንዱ ጠመንጃ መቀርቀሪያ በሌላው ላይ ሊገጠም፣ ያረጀ አፈሙዝ በአዲስ ሊተካ፣ አንድ መሣሪያም ተበታትኖ በተለያየ ጊዜና መንገድ ከቦታ ወደ ቦታ ሊጓጓዝ ይችላል። በዚህም የተነሳ ሕግ አውጪዎች በየጊዜው አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ይኸውም ቁጥሩ በየትኛው ክፍል ላይ መቀረጽ አለበት፣ ከክፍሎቹ መካከልስ በሕግ ፊት «መሣሪያው» ተብሎ የሚቆጠረው የትኛው ነው የሚል ነው።

አገራትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ቁጥሩ በአንድ ዋና ክፍል ላይ ብቻ እንዲቀረጽ ሲያዙ፣ ሌሎቹ በሁሉም አስፈላጊ ክፍሎች ላይ እንዲኖር ይደነግጋሉ። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ሳይሆን መዝገብ የሚይዘውንም ሆነ ምርመራ የሚያካሂደውን ሠራተኛ ሥራ በቀጥታ የሚነካ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ተግባራዊ ትርጉም አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥርዓት ሥር አድርጓል። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ወይም ለድርጅት ቢሆንም ፈቃዱን ከአንድ የተወሰነ መሣሪያ ጋር የሚያስተሳስረው የመሣሪያው መለያ ነው። ስለሆነም የፈቃድ ሥርዓቱ ጥንካሬ በብረቱ ላይ ባለው ቁጥርና በመዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር መካከል ባለው መጣጣም ይለካል።

የምልክቱ ይዘት

በጦር መሣሪያ ላይ የሚቀረጽ ምልክት በአብዛኛው ሦስት መሠረታዊ መረጃዎችን ይይዛል። እነዚህም የአምራቹ ስም ወይም ዓርማ፣ መሣሪያው የተመረተበት አገር ወይም ቦታ እንዲሁም መለያ ቁጥሩ ናቸው። መለያ ቁጥሩ አኃዝ ብቻ ሊሆን ወይም ፊደላትንና አኃዞችን ሊያጣምር ይችላል። ከእነዚህ በተጨማሪ የሞዴሉ ስያሜ፣ የጥይቱ መጠንና የምርት ዓመቱ ሊጻፉ ይችላሉ።

ቁጥሩ ብቻውን አንድን መሣሪያ ከሌላው ለመለየት አይበቃም። የተለያዩ ፋብሪካዎች ለምርቶቻቸው የየራሳቸውን ተራ ቁጥር ስለሚሰጡ ተመሳሳይ ቁጥር በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ ክላሽንኮቭና እርሱን መሠረት አድርገው የተሠሩ ጠመንጃዎች በሩሲያ፣ በቻይና፣ በቡልጋሪያ፣ በሩማኒያና በሌሎችም አገራት ተመርተዋል። በመልክ የሚመሳሰሉትን እነዚህን ጠመንጃዎች የሚለያቸው የፋብሪካው ዓርማና ቁጥሩ በአንድነት ሲታዩ ነው። በዚህም ምክንያት ዓርማው ያልተመዘገበበት ቁጥር ለክትትል የሚኖረው ጠቀሜታ እጅግ ያነሰ ነው።

አንድ ቁጥር ምርመራን እንዴት እንደሚመራ በግልጽ ካሳዩ አጋጣሚዎች መካከል እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በዳላስ ከተማ ከተገደሉ በኋላ የተካሄደው ክትትል ይጠቀሳል። በቦታው የተገኘው በጣሊያን የተመረተ ጠመንጃ «ሲ2766» የሚል ቁጥር ነበረው። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ይህን ቁጥር ይዞ ከአስመጪው ድርጅት ተነስቶ በቺካጎ ከተማ ወደሚገኝ ቸርቻሪ ደረሰ። በቸርቻሪው መዝገብ መሠረት መሣሪያው በሐሰተኛ ስም በቀረበ የፖስታ ትዕዛዝ ተሽጦ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ይጠቀምበት ወደነበረ የፖስታ ሣጥን ተልኮ ነበር። ምርመራው እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ቁጥሩ በብረቱ ላይ መኖሩ ብቻ ሳይሆን በአስመጪውና በቸርቻሪው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነበር።

ዓለም አቀፍ ስምምነቶች

በዘርፉ በሕግ አስገዳጅ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰነድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2001 ያጸደቀው የጦር መሣሪያዎች ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮሉ የተደራጁ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀሎችን ለመከላከል የወጣው ስምምነት ተጨማሪ ሲሆን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2005 በሥራ ላይ ውሏል። በመንግሥታት መካከል በሚደረግ የመሣሪያ ዝውውር ላይ ግን ተፈጻሚነት የለውም።

ፕሮቶኮሉ «ክፍሎች» የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጎ ይተረጉመዋል። በትርጓሜው መሠረት ለጦር መሣሪያ ተብሎ የተሠራና ለመሣሪያው ሥራ አስፈላጊ የሆነ ማናቸውም አካል ወይም መለዋወጫ «ክፍል» ነው። በምሳሌነት የተዘረዘሩት ጥይቱ የሚያልፍበት አፈሙዝ፣ ሌሎቹን ክፍሎች አቅፎ የሚይዘው ዋና አካል፣ በሽጉጥ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ተንሸራታች፣ የሪቮልቨር ሽጉጥ ተዘዋዋሪ ጥይት መያዣ፣ መቀርቀሪያው እንዲሁም የተኩስ ድምፅ መቀነሻ ናቸው። በሕገወጥ መንገድ ከተዘዋወሩ ክፍሎች መሣሪያ መገጣጠምም እንደ ሕገወጥ ምርት ይቆጠራል።

ምልክት የማድረግ ግዴታን በተመለከተ ፕሮቶኮሉ ሦስት ወቅቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው መሣሪያው ሲመረት ነው። አምራቹ ስሙን፣ የምርት ቦታውንና መለያ ቁጥሩን የሚያሳይ ምልክት ማኖር ይጠበቅበታል። ቀለል ያሉ ቅርጻዊ ምልክቶችን ከቁጥር ጋር አጣምረው ለሚጠቀሙ አገራትም ሁሉም አገራት የምርት አገሩን በቀላሉ መለየት እስከቻሉ ድረስ አሠራራቸው ተፈቅዷል። ሁለተኛው ወቅት መሣሪያው ወደ አገር ሲገባ ሲሆን ያስገባውን አገርና በተቻለ መጠን የገባበትን ዓመት የሚያሳይ ምልክት ይታከላል። ሦስተኛው መሣሪያው ከመንግሥት ክምችት ወጥቶ በቋሚነት ለሲቪል አገልግሎት ሲተላለፍ ነው።

ከተያዙ መሣሪያዎች ጋር በተያያዘም ግልጽ ድንጋጌ አለ። በሕገወጥ መንገድ ተመርተው ወይም ተዘዋውረው የተወረሱ መሣሪያዎች በመርህ ደረጃ መወገድ አለባቸው። በሌላ መንገድ ለአገልግሎት እንዲውሉ ሥልጣን ባለው አካል ከተፈቀደ ደግሞ ምልክት ሊደረግባቸውና አወጋገዳቸው ሊመዘገብ ይገባል። መለያ ቁጥርን መፋቅ፣ ማጥፋት፣ መለወጥና ማስመሰል በወንጀል እንዲያስቀጣም ፕሮቶኮሉ ያዛል። ለክትትል የሚያስፈልጉ መረጃዎችን ቢያንስ ለ10 ዓመት መያዝ ግዴታ ነው።

ይሁንና ፕሮቶኮሉ ምልክቱ በየትኛው ክፍል ላይ መቀረጽ እንዳለበት አልዘረዘረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀው ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 2005 ያጸደቀው የቀላልና አነስተኛ የጦር መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ የመከታተያ ሰነድ ነው። ሰነዱ በሕግ ሳይሆን በፖለቲካዊ ቃል ኪዳን የሚያስገድድ ነው። በዚህ ሰነድ መሠረት መለያው ሊቀረጽ የሚገባው ቢወድም መሣሪያውን ለዘለቄታው ከአገልግሎት ውጭ በሚያደርግ መሠረታዊ ክፍል ላይ ነው። እንደ አፈሙዝና ተንሸራታች ባሉ ሌሎች ክፍሎች ላይም ተጨማሪ ምልክት እንዲደረግ ያበረታታል።

ምልክቱ ያለ ልዩ መሣሪያ በዓይን የሚታይ፣ በቀላሉ የሚነበብ፣ የማይጠፋና ቢፋቅ እንኳ በተቻለ መጠን መልሶ ሊገኝ የሚችል መሆን እንዳለበትም ሰነዱ ያመለክታል። የምርት መዝገቦች ቢያንስ ለ30 ዓመት፣ የገቢና የወጪ ንግድ መዝገቦችን ጨምሮ ሌሎች መዝገቦች ደግሞ ቢያንስ ለ20 ዓመት እንዲቆዩ ይጠይቃል። ይህም የጦር መሣሪያ በአግባቡ ከተያዘ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ መሆኑን ከግምት ያስገባ ነው።

የናይሮቢ ፕሮቶኮል

በታላላቅ ሐይቆች አካባቢና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ አገራት የአነስተኛና ቀላል መሣሪያዎችን ስርጭት በጋራ ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2000 የናይሮቢ መግለጫን አውጥተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2004 ደግሞ የናይሮቢ ፕሮቶኮልን ፈርመዋል። ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2006 በሥራ ላይ ውሏል። አፈጻጸሙን የሚያስተባብረው ዋና መሥሪያ ቤቱ በናይሮቢ የሚገኘው የአነስተኛ መሣሪያዎች ቀጣናዊ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ለአባል አገራት የምልክት መቅረጫ ማሽኖችን በማቅረብና ባለሙያዎችን በማሠልጠን ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።

የናይሮቢ ፕሮቶኮል ከዓለም አቀፉ ፕሮቶኮል ይልቅ የተብራራ ድንጋጌ ይዟል። በአንቀጽ 7 መሠረት መሣሪያ ሲመረት የሚደረገው ምልክት በአፈሙዙ፣ በዋናው አካል ላይ እንዲሁም ተንሸራታች ባላቸው መሣሪያዎች በተንሸራታቹ ላይ ሊሆን ይገባል። በሌላ አነጋገር የቀጣናው አገራት አንዱ ክፍል ቢለወጥ ሌላው ሊመሰክር የሚችልበትን መንገድ መርጠዋል።

መሣሪያ ወደ አገር ሲገባም የአስገቢውን አገርና የገባበትን ዓመት የሚያሳይ ምልክት መታከል ይኖርበታል። መሣሪያው ሲገባ መለያ ቁጥር የሌለው ከሆነ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። በመንግሥት ይዞታ ሥር ያሉ መሣሪያዎች በሙሉ ልዩ ምልክት እንዲኖራቸውም አንቀጹ ያስገድዳል። የዚህ ድንጋጌ ዓላማ ከፖሊስ፣ ከመከላከያ ወይም ከሌላ የመንግሥት ተቋም የወጣ መሣሪያ በሌላ ቦታ ሲገኝ ከየትኛው ተቋም እንደወጣ ለማወቅ ማስቻል ነው።

ለቀጣናው አገራት የአስገቢ አገር ምልክት ከፋብሪካው ቁጥር ባልተናነሰ ይጠቅማል። በቀጣናው የሚገኙት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከብዙ ዓመታት በፊት በሩቅ አገራት የተመረቱና እጅ ለእጅ የተላለፉ ናቸው። የፋብሪካው ቁጥር መሣሪያው የተነሳበትን ቦታ ሲያመለክት፣ የአስገቢው አገር ምልክት በመጨረሻ በሕጋዊ መንገድ የታወቀበትን ቦታ ያመለክታል። መርማሪዎች ከሁለተኛው መረጃ ቢነሱ የሚያካሂዱት ክትትል ያጥራል።

የአውሮፓ ኅብረት አሠራር

የአውሮፓ ኅብረት የጦር መሣሪያ ይዞታን በተመለከተ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። መመሪያው በተለያየ ጊዜ የተሻሻለ ሲሆን ከፍተኛ ለውጥ የተደረገበት እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪስ ከደረሱት የሽብር ጥቃቶች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር በተፈጸመው ጥቃት ጥቅም ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች መካከል ቀደም ሲል ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተለውጠው በስሎቫኪያ በቀላሉ ይሸጡ የነበሩና እንደገና ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2021 የተጠቃለለው መመሪያ ቁጥር 2021/555 መሣሪያውም ሆነ አስፈላጊ ክፍሎቹ በሙሉ ምልክት እንዲኖራቸው ይደነግጋል። አስፈላጊ ክፍሎች የሚባሉት አፈሙዝ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጨምሮ ዋና አካል፣ ተንሸራታች፣ ተዘዋዋሪ ጥይት መያዣና መቀርቀሪያ ናቸው። እነዚህ ክፍሎች ለየብቻቸው ሲሸጡም በሚገጠሙበት መሣሪያ ምድብ ሥር ሆነው ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ሙሉውን ምልክት ለመሸከም የማይበቃ ትንሽ ክፍል ቢያንስ መለያ ቁጥር ወይም ኮድ ሊኖረው ይገባል።

የቴክኒክ ዝርዝሩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የማስፈጸሚያ መመሪያ ነው። በዚህ መሠረት የፊደልና የአኃዝ ቁመት በአጠቃላይ ከ1.6 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። ምልክቱ በላቲን፣ በሲሪሊክ ወይም በግሪክ ፊደል ሊጻፍ ይችላል። ዋናው አካል ከፕላስቲክ ወይም ብረት ካልሆነ ሌላ ቁስ የተሠራ ከሆነ ቁጥሩ የሚቀረጸው በቁሱ ውስጥ በቋሚነት በተቀበረ ብረት ላይ ነው። ይህን ብረት ነቅሎ ለማውጣት የሚሞክር ሰው የመሣሪያውን አካል የሚሰብር መሆን አለበት።

የአሜሪካ ተሞክሮ

ዩናይትድ ስቴትስ የተከተለችው መንገድ ከአውሮፓው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ ማንኛውንም የመሣሪያ ክፍል እንደ መሣሪያ ይቆጥር ነበር። እያንዳንዱን ትንሽ ክፍል መቆጣጠር ተግባራዊ ሊሆን ባለመቻሉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1968 የጸደቀው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ አካሄዱን ለወጠ። በአዲሱ ሕግ መሠረት ከክፍሎቹ መካከል በሕግ ፊት እንደ «መሣሪያ» የሚቆጠረውና ቁጥር የሚቀረጽበት ዋናው አካል ብቻ ነው። አፈሙዝ፣ መቀርቀሪያና ተንሸራታች ያለ ቁጥር ይሸጣሉ። የተኩስ ድምፅ መቀነሻ ግን ራሱን ችሎ ቁጥጥር ይደረግበታል።

ይህ አሠራር ለመዝገብ አያያዝ ቀላል ነው። አንድ መሣሪያ አንድ ቁጥር ይኖረዋል። ነገር ግን የሕጉ አፈጻጸም በሙሉ በአንድ ክፍል ትርጓሜ ላይ ስለሚንጠለጠል ትርጓሜው ከተናጋ ሥርዓቱ አብሮ ይናጋል። ይህም በተግባር ታይቷል። የአሜሪካ ደንብ ዋናውን አካል የተረጎመው መቀርቀሪያውን፣ መዶሻውንና የመተኮሻ ስልቱን በአንድነት የሚይዝ ክፍል በማለት ነበር። በአገሪቱ በስፋት የተሰራጨው ኤአር-15 ጠመንጃ ግን ዋና አካሉ የላይኛውና የታችኛው ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። ቁጥሩ የሚቀረጸው በታችኛው ላይ ሲሆን መቀርቀሪያው የሚገኘው በላይኛው ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በካሊፎርኒያና በኦሃዮ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በቀረቡ የወንጀል ክሶች ላይ ዳኞች የታችኛው አካል ብቻውን የደንቡን ትርጓሜ አያሟላም የሚል አቋም ይዘዋል።

ሁለተኛው ችግር መለያ ቁጥር የሌላቸው፣ በተለምዶ «የሙት መንፈስ መሣሪያዎች» የሚባሉት መስፋፋታቸው ነው። እነዚህ ያልተጠናቀቀ ዋና አካልና ሌሎች ክፍሎችን ይዘው በጥቅል የሚሸጡና ገዢው በቤቱ የሚያጠናቅቃቸው ናቸው። ሻጮች ያልተጠናቀቀው ክፍል ገና መሣሪያ አይደለም በማለት ያለ ቁጥርና የገዢውን ማንነት ሳያጣሩ ሲሸጡ ቆይተዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውሳኔው እንደጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ፖሊስ ክትትል እንዲደረግባቸው ለፌዴራል መንግሥት ያቀረባቸው እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች 1 ሺህ 600 ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቁጥራቸው ከ19 ሺህ በላይ ደርሷል።

የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 አዲስ ደንብ አውጥቶ ከነሐሴ 24 ቀን 2022 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጓል። ደንቡ የዋናውን አካል ትርጓሜ ያሻሻለ ሲሆን በቀላሉ ወደ መሣሪያነት ሊለወጡ የሚችሉ የመገጣጠሚያ ጥቅሎችና ያልተጠናቀቁ አካላት በሕጉ እንደሚሸፈኑ ይገልጻል። ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ቁጥር የሌለው መሣሪያ ሲረከቡ ምልክት እንዲያደርጉበትና መዝገቦቻቸውን በንግዱ ላይ እስካሉ ድረስ እንዲይዙም ያዛል።

ደንቡ ከሕጉ ወሰን አልፏል በሚል ክስ ቀርቦበት ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2025 በሰባት ድምፅ ለሁለት በሰጠው ውሳኔ ደንቡ በአጠቃላይ ከ1968ቱ ሕግ ጋር የማይጣጣም አይደለም ብሏል። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች ሲሆኑ፣ በውሳኔው ከተጠቀሱት ጥቅሎች አንዱ በ21 ደቂቃ ውስጥ ተገጣጥሞ ሽጉጥ ሊሆን መቻሉ ተመልክቷል። የትኛው ያልተጠናቀቀ ምርት በደንቡ ይሸፈናል የሚለው ግን በየጉዳዩ የሚታይ ሆኗል።

ቁጥርን መፋቅና መልሶ ማንበብ

ሕገወጥ አዘዋዋሪዎች መለያ ቁጥርን በመፋቅ የመሣሪያውን ምንጭ ለመሰወር ይሞክራሉ። ይህ ድርጊት በብዙ አገራት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በአሜሪካ ሕግ ቁጥሩ የተፋቀበትን መሣሪያ እያወቁ መያዝ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ቢልም፣ የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ውሳኔውን ሽሮታል።

የተፋቀ ቁጥር ሁልጊዜ የጠፋ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ በብረት ላይ በኃይል ሲታተም ከሥሩ ያለው ብረት ይጨመቃል። የላይኛው ገጽ ቢፋቅም የተጨመቀው ክፍል ከአካባቢው የተለየ ጠባይ ስለሚኖረው የፎረንሲክ ባለሙያዎች በኬሚካል አማካኝነት የቁጥሩን ቅርጽ መልሰው ሊያወጡት ይችላሉ። ሕጎች የቅርጹን ጥልቀት የሚወስኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የአሜሪካ ደንብ ቁጥሩ ከ0.003 ኢንች ወይም ከ0.08 ሚሊሜትር ገደማ ያላነሰ ጥልቀት እንዲኖረው ያዛል። በመሆኑም ቁጥሩ የተፋቀበት መሣሪያ ሲያዝ የተፋቀውን ቦታ ማጠብ፣ መቦረሽ ወይም መሞረድ ማስረጃን ማጥፋት ይሆናል።

በአፍሪካ ቀንድ ባለፉት ዓመታት የታየው ሌላው ፈተና በቱርክ ለድምፅ ብቻ ተብለው የተመረቱ ሽጉጦች ዝውውር ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በቀጣናው አገራት የተያዙት እነዚህ ሽጉጦች አፈሙዛቸው ተለውጦ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ሊደረጉ ይችላሉ። ሲመረቱ እንደ ጦር መሣሪያ ያልተቆጠሩ በመሆናቸው በምርትና በሽያጭ ወቅት የሚደረግላቸው ምዝገባ ከእውነተኛ መሣሪያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ክፍል አፈሙዙ እንደመሆኑ ምልክቱ በአፈሙዝም ላይ እንዲኖር የሚያዝዝ ሕግ ጠቀሜታው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከመዝገብ ቤት የሚጠበቅ ጥንቃቄ

በሕግ የተደነገገው ሁሉ ፍሬ የሚያፈራው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ቅጹን በሚሞላው ሠራተኛ በኩል ነው። በክትትል ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙ ስህተቶች መካከል አብዛኞቹ ውስብስብ አይደሉም። የሞዴል ቁጥርን ወይም የጥይት መጠንን እንደ መለያ ቁጥር መመዝገብ አንዱ ነው። ለምሳሌ በጠመንጃው ላይ የሚታየው «7.62» የጥይቱን መጠን እንጂ የመሣሪያውን ማንነት አያመለክትም። በቻይና ሠራሽ ጠመንጃ ላይ የሚገኘው «56» የሚል ጽሑፍም የሞዴሉ መጠሪያ ሲሆን በብዙ ሺህ ጠመንጃዎች ላይ ይገኛል።

ከቁጥሩ በፊት ወይም በኋላ ያሉ ፊደላትን መተውም የተለመደ ስህተት ነው። በሲሪሊክ ፊደል የተጻፈን ምልክት የማያውቅ ሠራተኛ አኃዙን ብቻ ቢጽፍ፣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቁጥር በርከት ላሉ መሣሪያዎች የሚሆን ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ምልክቱን እንዳለ መሣልና ፎቶግራፍ ማንሳት ከግምት ይሻላል።

የክፍሎች ጉዳይም በዚሁ ደረጃ መታየት ያለበት ነው። በብዙ የክላሽንኮቭ ዓይነት ጠመንጃዎች ዋናው ቁጥር በግራ ጎን ከፊት በኩል የሚገኝ ሲሆን ሙሉው ቁጥር ወይም የመጨረሻዎቹ አኃዞች በመቀርቀሪያው፣ በመቀርቀሪያው ተሸካሚና በላይኛው ክዳን ላይ ሊደገሙ ይችላሉ። ቁጥሮቹ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ ክፍሎቹ መለወጣቸውን ወይም መሣሪያው ከተለያዩ ጠመንጃዎች መገጣጠሙን ይጠቁማል። አለመመሳሰሉ በራሱ ወንጀል ላይሆን ይችላል፤ በጥገና ወቅትም ይከሰታልና። ነገር ግን ሠራተኛው ከክዳኑ ላይ ያነበበውን ቁጥር የጠመንጃው ቁጥር አድርጎ ቢመዘግብ፣ ክዳኑ በተለወጠ ዕለት መሣሪያውና ፈቃዱ ይለያያሉ።

ስለሆነም የተሟላ ምዝገባ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሞዴል፣ የጥይት መጠን፣ የአምራቹን ስም ወይም ዓርማ፣ የተመረተበትን አገር፣ መለያ ቁጥሩን ከነፊደሉ፣ የአስገቢ አገር ምልክት ካለ እርሱንና እያንዳንዱ ቁጥር የተነበበበትን ክፍል መያዝ ይኖርበታል። እነዚህ መረጃዎች የዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል ለአባል አገራት ባዘጋጀው የሕገወጥ መሣሪያዎች መዝገብና መከታተያ ሥርዓት አማካኝነት ለሚቀርብ ጥያቄም መሠረት ናቸው። ጥያቄው የሚደርሰው አገር መዝገቡን የሚመረምረው በተጻፈለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ አንዲት ፊደል ብትጎድል ወይም አንድ አኃዝ ቢለወጥ የሚመለሰው ምላሽ «አልተገኘም» የሚል ይሆናል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 በሕገወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውር ላይ ቅጣት ደንግጓል። አንድ ተከሳሽ የያዘው መሣሪያ ከየት እንደመጣ በፍርድ ቤት ማስረዳት ሲያስፈልግ ዐቃቤ ሕግ የሚያቀርበው ማስረጃ መሣሪያው በተያዘበት ዕለት የተጻፈውን ቃለ ጉባኤ ጭምር ነው። በቃለ ጉባኤው፣ በኤግዚቢት መዝገቡና በመሣሪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ የቀረበው መሣሪያ የተያዘው መሆኑ ራሱ አጠያያቂ ይሆናል።

ከተለያዩ አገራት ተሞክሮ መረዳት እንደሚቻለው ቁጥሩ በአንድ ክፍል ላይ ብቻ እንዲቀረጽ የሚያዝዝ ሕግ የክፍሉን ትርጓሜ በጥንቃቄ መጻፍ ይኖርበታል። በበርካታ ክፍሎች ላይ እንዲቀረጽ የሚያዝዝ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ለይቶ የሚያሰፍር መዝገብ ያስፈልገዋል። የናይሮቢ ፕሮቶኮል ፈራሚ አገራት የተከተሉት ሁለተኛውን መንገድ ነው። በመሆኑም «መለያ ቁጥር» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ያለው የምዝገባ ቅጽ የፕሮቶኮሉን ዓላማ ሙሉ በሙሉ ሊያሳካ አይችልም።